ሌክቸሩ ነጻ ነው፤ ቂርአቱስ?

  



የሚድ ፈተና ሲቃረብ በየቴሌግራም ግሩፑ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አንዱ የፊዚክስ ሌክቸር ሊንክ ይልካል፤ ሌላው ሙሉ የካልኩለስ ኮርስ ይለጥፋል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ይህን ያየ ኤ ያመጣል» ብሎ መጨረሻው የማይታይ የቪዲዮ ዝርዝር ያወርዳል። ተማሪው አመስግኖ ሴቭ ያደርጋል። ከዚያ ፈተናው ይመጣል፣ ውጤቱ ይለጠፋል። ቪዲዮዎቹ ግን አብዛኞቹ ሳይከፈቱ እንደተቀመጡ ናቸው፤ የተከፈቱትም ያመጡት ለውጥ ጥቂት ነው። በየዓመቱ ከፍሬሽማን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን መካከል በሒሳብና በፊዚክስ ምክንያት የሚሰናበቱ አሉ። ቤተሰብ ከብት ሸጦ የላከው ልጅ ሻንጣውን ይዞ ሲመለስ ማየት የጀማዓው ሁሉ ሕመም ነው። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል።

ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ነጻ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቶች ልንጽፍ ወደናል። ሊንክ ለመደርደር አይደለም፤ ሊንክ ሞልቷል። የጎደለው አቀራሩ ነው።

ኒዕማው ከየት መጣ

እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ሁላችንም ኤምአይቲ የምንለው፣ የኮርሶቹን ማስታወሻ፣ የቤት ሥራና ፈተና በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ በነጻ እንደሚለቅ አስታወቀ። ጊዜው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርታቸውን በኢንተርኔት እንዴት ሸጠው እንደሚያተርፉ የሚያስቡበት ነበር። ሥራው በ2002 በ50 ኮርሶች ተጀመረ፤ ዛሬ ከ2,500 በላይ ሆነዋል። ስሙ ኦፕንኮርስዌር ይባላል። ኢንተርኔታቸው ደካማ ለሆነ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አፍሪካ ውስጥ ያሉትን ጨምሮ፣ ይዘቱን በሃርድ ዲስክ እየቀዱ ይልኩ እንደነበርም ይታወቃል።

ሌሎችም ተከተሉ። የሕንድ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች ከባንጋሎሩ የሳይንስ ኢንስቲትዩት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 በመንግሥታቸው ገንዘብ ኤንፒቴል የተባለውን ጀመሩ። ዬል ዩኒቨርሲቲ በ2007 ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ የተቀረጹ ኮርሶችን ለቀቀ። ሳልማን ካን በ2004 ርቃ ለምትኖር ታናሽ ዘመዱ ሒሳብ ማስጠናት ጀምሮ፣ ቆይቶ ማብራሪያዎቹን በቪዲዮ መቅረጹ ካን አካዳሚ የሚባለውን ወለደ። እንደሱ ያለ ነገር በአንድ ዘመድ ጥያቄ መጀመሩ ደስ ይላል።

እኛ ይህን ዕውቀት እንዴት እናየዋለን? ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ የመጀመሪያው ኪታብ ውስጥ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱ ኪፋያ ይቆጥሯቸዋል፤ ከሕዝቡ መካከል በቂ ሰው ካልተማራቸው ተጠያቂነቱ የሁሉም ነው። ሰዉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ ሕክምናን የሚማር መጥፋቱንም ወቅሰዋል። ስለዚህ አፕላይድ ማቲማቲክስ አጥንቶ የሚያድር ወንድማችን ኒያውን ካስተካከለ ኢንሻ አላህ ሌሊቱ በከንቱ አላለፈም።

ሰማዕና ዐርድ

እ.ኤ.አ. በ2011 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አንድ ኮርስ ለማንም ክፍት አደረገ። ከ160,000 በላይ ሰው ተመዘገበ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቀው ወደ 23,000 ነው። ከሰባቱ አንዱ መሆኑ ነው። አስተማሪዎቹ በሙያው የታወቁ ነበሩ፤ ትምህርቱም አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። ታዲያ ሌላው ለምን ቀረ? «ሰነፍ ስለሆነ» ማለት ይቀላል። እኛ ግን በጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እየተመላለስን ያደግን ስለሆንን ሌላ መልስ አለን።

የሐዲስ ዑለሞች ዕውቀት ከሸይኽ የሚወሰድበትን መንገድ ሲከፍሉ ከላይ ያስቀመጧቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ሰማዕ ነው፤ ሸይኹ ይናገራል፣ ደረሳው ይሰማል። ሁለተኛው ዐርድ ወይም ቂርአት ነው፤ ደረሳው ያነባል፣ ሸይኹ ይሰማል፣ ያርማልም። የትኛው ይበልጣል በሚለው ተለያይተዋል። የመዲናው ኢማም ማሊክ ሁለተኛውን ይመርጡ ነበር፤ ሙወጠእን ራሳቸው ከማንበብ ይልቅ ተማሪዎቹ እያነበቡላቸው መስማት ይወዱ ነበር።

በእኛ አገርም ትምህርቱ ራሱ «ቂርአት» መባሉን አስተውሉ። የወሎ ደረሳ «ልሰማ ሄድኩ» አይልም፤ «ልቀራ ሄድኩ» ነው የሚለው። ነህው ለመቅራት አንድ ሸኽ ዘንድ፣ ፊቅህ ለመቅራት ሌላ ሸኽ ዘንድ በእግሩ ይጓዛል። እዚያ ሲደርስም ሥራው ቁጭ ብሎ መስማት ብቻ አይደለም። ማታ ሙጣለዓ ያደርጋል፤ የነገውን ገጽ ከሱ ከፍ ካለ ደረሳ ጋር አስቀድሞ ይመለከታል። ጠዋት ሸኹ ፊት ያነባል። ኢዕራቡን ሲስት ይታረማል፣ «ለምን ረፍዕ ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ ወጥቶ ለጓደኛው መልሶ ይቀራለታል። ከበላዩ ያለው የሰማውን ለበታቹ ያስቀራል። አንዲት ገጽ አራትና አምስት ጊዜ ትገላበጣለች።

በነጻ የሚለቀቀው ሌክቸር የሚሰጠን ሰማዑን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አስተማሪው አያየንም፤ ግንባራችን ሲቋጠር አይቆምም፣ አይጠይቀንም። ጎበዝ አስተማሪ ሲያስረዳ ሁሉ ነገር ግልጽ ስለሚመስል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ራሱን እየነቀነቀ ያየ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ብቻውን ሲቀመጥ እጁ አይንቀሳቀስም። ጉድለቱ የአእምሮ አይደለም። ዐርዱ ስለቀረ ነው።

ሉሁ ሳይታጠብ

ልጆች ሆነን ቁርኣን የቀራንበትን ሉህ አስታውሱ። በእንጨቱ ላይ አንቀጹ ይጻፋል፤ ሲያዝ ኡስታዙ ፊት ይቀራል፤ ካለፈ ብቻ ሉሁ ይታጠብና የሚቀጥለው ይጻፋል። ያልያዘው ልጅ ሉሁን አያጥብም። እንደ ፈለገ ወደ ፊት መዝለል የለም፤ ቦታው አንድ እንጨት ብቻ ነዋ።

ስልክ ግን ሉህ አይደለም፣ ቦታ አያልቅበትም። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይከፈታል። ስለዚህ ሕጉን እኛው ማምጣት አለብን፦ የትናንቱን ሌክቸር ሳያዩ ለአንድ ሰው ማስረዳት ሳይቻል የሚቀጥለው አይከፈትም። ሌላው ምክራችን ሁሉ ከዚህ በታች ነው።

በአንድ እውነተኛ ትምህርት እንየው። የኤምአይቲው ፕሮፌሰር ጊልበርት ስትራንግ ሊኒየር አልጀብራን ለብዙ አሥርተ ዓመታት አስተምረው እ.ኤ.አ. በ2023 ጡረታ ወጥተዋል። ኮርሳቸው ቁጥሩ 18.06 ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከሁለት ቀላል እኩልታዎች ይነሳል። ያልታወቁትን ሀ እና ለ እንበላቸው፦

2ሀ − ለ = 0
−ሀ + 2ለ = 3

ይህን ሁላችንም ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ መፍታት እንችላለን፤ መልሱ ሀ = 1፣ ለ = 2 ነው። ስትራንግ ግን መልሱን ለማግኘት አይቸኩሉም፤ አንዱን ነገር በሁለት ዓይን ያሳያሉ። የመጀመሪያው በረድፍ ማየት ነው። እያንዳንዱ እኩልታ በግራፍ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ አንደኛው በ(0፣ 0)ና በ(1፣ 2) ያልፋል፣ ሁለተኛው በ(−3፣ 0)ና በ(1፣ 2) ያልፋል፤ የሚገናኙበት ነጥብ መልሱ ነው። እስከዚህ አዲስ ነገር የለም።

ሁለተኛው በዓምድ ማየት ነው። አሁን እኩልታዎቹን ወደ ጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች አንብቧቸው። የሀ ዓምድ (2፣ −1) ነው፤ የለ ዓምድ (−1፣ 2) ነው፤ በቀኝ በኩል ያለው (0፣ 3) ነው። ጥያቄው ተለወጠ፦ ከመጀመሪያው ዓምድ ስንት፣ ከሁለተኛው ስንት ወስደን ብንደምር (0፣ 3) ላይ እንደርሳለን? ከመጀመሪያው አንድ፣ ከሁለተኛው ሁለት። ከላይ 2 − 2 = 0፣ ከታች −1 + 4 = 3። ደረስን። ያልታወቁት ቁጥሮች የቅልቅል መጠን ሆኑ ማለት ነው፤ ወጥ እንደሚሠራ ሰው ከዚህ ይህን ያህል፣ ከዚያ ያን ያህል።

ቀልድ ይመስላል፤ ግን የኮርሱ ግማሽ እዚህ ውስጥ አለ። ያልታወቁት ሦስት ሲሆኑ የረድፉ ሥዕል ሦስት ጠፍጣፋ ገጾች ሆኖ ለመሳል ያስቸግራል፤ አሥር ሲሆኑ የሚስለው የለም። የዓምዱ ጥያቄ ግን ያው ነው፤ ከየዓምዱ ስንት? የሲቪል ተማሪ የብረት ትረስ በየመጋጠሚያው ያለውን ኃይል ሲያመዛዝን፣ የኤሌክትሪካል ተማሪ የሰርኪት ከረንት ሲፈልግ የሚገጥማቸው ይህ ነው።

ከዚያ በዚያው ክፍለ ጊዜ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፦ በቀኝ በኩል የፈለግነውን ብናስቀምጥ ሁልጊዜ መልስ ይኖረዋል? ቪዲዮውን ማቆም የሚገባው እዚህ ነው። ሸኹ ደረሳውን ቀና ብለው ያዩበት ቦታ ይህ ነው። ስልኩን ወደ ታች ድፉት፤ ወረቀት አውጡ፤ ሁለቱን ዓምዶች እንደ ቀስት ሳሉና በማደባለቅ የት የት መድረስ እንደሚቻል ሞክሩ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ይፍጅ። መልሱን ከፕሮፌሰሩ አፍ በሦስት ሰከንድ ውስጥ የሰማ ሰው አሥሩን ደቂቃ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ጥያቄው በፈተና ላይ መልኩን ቀይሮ ሲመጣ ግን የሚያውቀው አሥር ደቂቃ የደከመበት ነው።

ሙጣለዓውስ? ከሌክቸሩ በፊት በነበረው ማታ በእኛው ሃንድአውት ውስጥ ያንኑ ርእስ ማንበብ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ያልገባንን በጥያቄ መልክ ጽፈን ብንገባ ጆሯችን ሥራ ይዞ ይሰማል። በተለይ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው፣ በገጠር ትምህርት ቤቶች ተምረን ለመጣን ብዙዎቻችን፣ ቃላቱን አስቀድሞ ማየት ግማሹን ሸክም ያቃልላል። ቪዲዮዎቹ ከሥር ጽሑፍ አላቸው፤ ፍጥነታቸውንም መቀነስ ይቻላል። ሐለቃው ውስጥ ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚመቸን ቋንቋ እናስረዳ። በነህው ትምህርት ኪታቡ በዐረብኛ፣ ማብራሪያው በአገሬው ቋንቋ ሆኖ ስንት ዓሊም ወጥቷል።

ምን ከየት

ለኢንጂነሪንግና ለተፈጥሮ ሳይንስ፦ ከኤምአይቲው ኦፕንኮርስዌር ከቪዲዮው ይበልጥ የምንወደው የቤት ሥራውንና ከነመልሱ የሚገኘውን የቀድሞ ፈተና ነው። አብዛኛው ተማሪ ቪዲዮውን አውርዶ እነዚህን ይተዋቸዋል፤ ፍሬውን ጥሎ ገለባውን እንደመሸከም ነው ብንል አናጋንንም። ከአሮጌዎቹ መካከል ኸርበርት ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1970 የቀረጹት የካልኩለስ ትምህርት አለ፤ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ያለው ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ነው። ሊሚት ያልገባው ሰው ይመልከተውና ይፍረድ። በዬል የራማሙርቲ ሻንካር የፊዚክስ ኮርስ ለፍሬሽማን ይጠቅማል። ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ለሚመጡት እንደ ስትራክቸር፣ ፍሉይድ ሜካኒክስና ኤሌክትሪካል ማሽን ላሉት ኤንፒቴል ይሻላል፤ ብዙ ርእሶችን በዝርዝርና በርጋታ ይሄድባቸዋል፤ ሌክቸሮቹም በአንድ ኮርስ ብዙ ጊዜ ወደ 40 ይጠጋሉ። የሕንዶቹ እንግሊዝኛ አነጋገር በመጀመሪያ ጆሮ ይከብዳል፤ በሦስተኛው ሌክቸር ይለመዳል።

ለኢኮኖሚክስና ለቢዝነስ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኙት ሮበርት ሺለር በዬል የሰጡት የፋይናንስ ገበያ ኮርስ ሙሉው አለ። «ወለድ ያለበትን ትምህርት እንዴት እንማራለን?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። መማሩና መብላቱ ይለያያሉ። ከወለድ ነጻ በሆኑት በዘምዘምና በሒጅራ ባንክ ልሥራ የሚል ወንድም ሙራበሐን ከኡስታዙ፣ የገበያውን አሠራር ከሺለር ቢማር እንዴት ያምርበታል።

ለሶሻል ሳይንስ ተማሪዎችና ለጠቅላላ ዕውቀት ፖድካስት ይመቻል፤ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዳታ አይበላም፣ ከዶርም ወደ ካፌ ሲሄዱም ይሰማል። የቢቢሲ ሬዲዮ «ኢን አወር ታይም» እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአንድ ርእስ ላይ የሙያውን ምሁራን እያቀረበ ያወያያል፤ ስለ ኢብኑ ኸልዱንና ስለ አል-ገዛሊ የተደረጉ ውይይቶች አሉት። ፒተር አዳምሰን የሚባሉ ፕሮፌሰር ደግሞ ከ2010 ጀምሮ የፍልስፍናን ታሪክ ማንንም ሳይዘሉ በአጫጭር ክፍሎች ይተርካሉ፤ ስለ አል-ኪንዲ፣ ስለ ኢብኑ ሲና፣ ስለ ኢብኑ ሩሽድ ብዙ ክፍል ሰጥተዋል። እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት እንደ ታሪክና እንደ ፍልስፍና ምሁር ነው። ዐቂዳን የሚነካ ነገር ስትሰሙ ጻፉና ለኡስታዝ አቅርቡ፤ በየዶርሙ የሌሊት ክርክር አታድርጉት።

የሕክምናውን ዘርፍ ለጤና ተማሪዎቻችን ትተንላቸዋል፤ ለሚቀጥለው እትም ይጻፉልን።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። «አልጀብራን የፈጠረው ሙስሊም ነው» የሚል ፖስት በየሳምንቱ ይዞራል። አል-ኸዋሪዝሚ ምን እንደሠሩ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ባግዳድ ውስጥ በጻፉት ኪታብ ካነሷቸው ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው፦ የአንድ ቁጥር ካሬና የቁጥሩ አሥር እጥፍ ተደምረው 39 ይሆናሉ፤ ቁጥሩ ስንት ነው? አሥሩን ለሁለት ክፈል፣ 5። በራሱ አባዛው፣ 25። 39 ላይ ጨምረው፣ 64። የካሬ ሥሩ 8። አምስቱን ቀንስ፣ 3። የትምህርት ቤቱ «ካሬ ማሟላት» ይኸው ነው፤ እሳቸው ካሬና አራት ማዕዘን ሥለው ለምን እንደሚሠራም አሳይተዋል። ፖስቱን ሼር ከማድረግ ይህን ለአንድ የፍሬሽማን ልጅ በሥዕል ማስረዳት ለእሳቸውም የተሻለ ክብር ይመስለናል።

ስለ አማናና ስለ ዳታ

ነጻ ሁሉ አንድ አይደለም። ኦፕንኮርስዌር የሚለቀቀው ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባል ፈቃድ ነው፦ መቅዳት፣ ማካፈል፣ ወደ ሌላ ቋንቋ መተርጎም ይፈቀዳል። ሁኔታው ምንጩን መጥቀስ፣ ለንግድ አለማዋልና የተረጎሙትንም በዚያው ፈቃድ መልቀቅ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ዋይፋይ ባለበት አውርዶ በፍላሽ ለሃያ ሰው ቢቀዳ ሐላል ብቻ ሳይሆን ባለቤቶቹ የፈለጉት ነው። ማስታወሻውን አትሞ በፎቶ ኮፒ ቤት ማትረፊያ ማድረግ ግን ፈቃዱን ማፍረስ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፈቃድ ስላላቸው ከመቅዳት በፊት ከገጹ ግርጌ ያለውን ማንበብ ነው። ከተሸጠ መጽሐፍ ላይ ተሰርቆ በቴሌግራም የሚዞረውን ከዚህ ጋር አንድ አናድርገው። ኮርሴራንና መሰሎቹን በተመለከተ፣ አንዳንዶቹን ኮርሶች ያለ ክፍያ መከታተል ቢቻልም ሰርተፊኬቱ በአብዛኛው ይከፈልበታል። «ነጻ ሰርተፊኬት እናስወጣላችኋለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ራቁት።

ለዳታ፦ የኤምአይቲና የዬል ብዙ ኮርሶች የሌክቸሩን ሙሉ ንግግር በጽሑፍ ያስቀምጣሉ፤ ዬል ድምፁን ለብቻው ይሰጣል። ካርድ ባጠረበት ወር ጽሑፉን ማንበብ ቪዲዮውን ከመጠበቅ ይሻላል፤ ለሙጣለዓም የሚሆነው እሱ ነው።

አንድ ለየት ያለ ማሳሰቢያ። የተናገርነው ሁሉ ለዲን ትምህርትም እጥፍ ሆኖ ይሠራል። የሁለት ደቂቃ ቁራጭ ሰምቶ በዒባዳ ጉዳይ ፈትዋ መስጠት፣ አንድን ዓሊም ማሳነስ በግቢያችን እየታየ ነው። በሊኒየር አልጀብራ የሳተ ሰው ነጥብ ያጣል። በዲን ሳይታረም የቀረ ስሕተት ግን ሰውን ይዞ ይሄዳል። ለቂርአት መስጂዱ ቅርብ ነው፣ ኡስታዞቹም አሉ።

የሐለቃው ሐሳብ

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሰው የሚሆን ሐለቃ በየኮርሱ ይቋቋም፤ የእህቶች ለብቻ፣ የወንድሞች ለብቻ። ከዚህ ከበዛ የሚሰማ እንጂ የሚቀራ አይገኝም። ሌክቸሩን ሁሉም በየግሉ አይቶ ይመጣል፤ ሐለቃው ላይ ቪዲዮ አይከፈትም። ዕጣ የወጣለት ተነስቶ በወረቀት ወይም በሰሌዳ ያስረዳል፤ ሌሎቹ «ለምን?» ይሉታል። ሲያቅተው የሚስቅ ሰው በሐለቃው ቦታ የለውም። አንድ ሲኒየር ወንድም ወይም እህት በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ ያርማል፤ መልሱን ለመናገር ሳይሆን የተሳሳተውን ለማቅናት። ከሐለቃው የወጡ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጡት ፍሬሽማኖች ያስቀራሉ። የሲኒየሮች ፈተና ሲደርስ ማረሙ እንዳይቋረጥ ሁለት ሁለት ሆነው ቢመደቡ ይሻላል፤ ባለፉት ዓመታት ብዙ የጥናት ቡድን የሞተው በዚህ ሰበብ ነው። ቪዲዮዎቹን በፍላሽ የሚቀዳ ሰው ከየብሎኩ ይመረጥ፤ የእህቶችን ደግሞ ከእህቶች። ሐለቃው በፈተና ሰሞን ሳይሆን ሴሚስተሩ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ቢጀመር ነው የሚያምረው።

የሊኒየር አልጀብራው ሐለቃ በመጪው ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ይጀመር ብለናል። ለመግቢያ ይህን ሠርታችሁ ኑ፤ ዓምዶቹ (2፣ −1) እና (−4፣ 2) ናቸው። ሁለቱን በፈለጋችሁት መጠን እያደባለቃችሁ (0፣ 3) ላይ መድረስ ትችላላችሁ? (6፣ −3) ላይስ? በሁለቱም ላይ ምክንያቱን በሥዕል አሳዩ፤ «አዎ» ወይም «አይሆንም» ብቻ ይዞ የመጣ ሰሌዳው ፊት የመጀመሪያው ይሆናል።